መጋቢት 24ን ምክንያት በማድረግ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆችና አዋቂዎች የሚውል ድጋፍ ስለማሰባሰብ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

መጋቢት 24 በመላው ዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ሆኖ ይታሰባል። ቀኑን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በዘንድሮው ዕለት ትምህርት ቤታችን ገንዘብ አሰባስቦ በአዲስ አበባ ለሚገኘው ለጆይ የኦቲዝም ማዕከል ለመስጠት ወስኗል፤ የወላጅ መምህር ኅብረታችንም ሐሳቡን ተቀብሎታል። ምክንያቱን ግን በሁለት መስመር ማስታወቂያ ልነግራችሁ አልወደድኩም። ደብዳቤዬ ከወትሮው ቢረዝም ታገሡኝ።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በሌላ ትምህርት ቤት ምዝገባ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንዲት እናት የስድስት ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ መጣች። ስሙን ስጠይቀው "ስምህ ማን ነው?" ብሎ ጥያቄዬን መልሶ ለእኔው ሰጠኝ። ከዚያም ወደ መስኮቱ ሄዶ መቀርቀሪያውን መክፈትና መዝጋት፣ መክፈትና መዝጋት ያዘ። የዕረፍት ደወል ሲጮኽ ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ደፍኖ መሬት ላይ ተቀመጠና እሪ አለ። እኔም እናቱን "ቦታ ሞልቷል" አልኳት። ቦታ አልሞላም ነበር። እሷም አውቃለች። የልደት ካርዱንና የክትባት ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ ስትነሣ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀችኝም፤ ያንን መልስ ከእኔ በፊት ከስንቱ ሰምታው እንደነበር የገባኝ ከሄደች በኋላ ነው። ያን ልጅ ዳግመኛ አላየሁትም።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስም ይህን መልስ ጠንቅቀው የሚያውቁ እናት ነበሩ። ከአሜሪካ ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ከፍተው ሲሠሩ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ማዕከልን የመሠረቱት ከዚህ የተነሣ ነው። ኦቲዝም የሚለው ስም እንኳ በማይታወቅበት በዚያ ጊዜ፣ ብዙ ቤተሰብ ልጁን በጓዳ ደብቆ፣ አንዳንዱም አስሮ በሚያሳድግበት ጊዜ፣ እሳቸው "ልጄ ኦቲዝም አለበት" ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ከሁሉም በላይ እንደ መምህር የሚያስደንቀኝ አቡጊዳ ፎነቲክስ ብለው የሰየሙት የማስተማሪያ ዘዴያቸው ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት አጣምሮ ይይዛል፤ "ቡ" ያለ ልጅ አንድ ሙሉ ድምፅ ይዟል። ንግግር አልመጣላቸው ያሉ ልጆችን ድምፅ ለማስያዝ ወይዘሮ ዘሚ የተጠቀሙበት ይህንኑ ነው። እኛ በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ ዘርዝረን የምናልፈው ፊደል ለእነዚያ ልጆች የንግግር በር ሆነ። ወይዘሮ ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2021 በኮቪድ ሕመም አርፈዋል። የጀመሩት ሥራ ግን ዛሬም ሰው ይፈልጋል።

ስለ ኦቲዝም ምንነት ብዙ አልልም። ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ ከልጅነት የሚጀምርና ዕድሜ ልክ ከሰው ጋር የሚቆይ ሁኔታ ነው። የአስተዳደግ ጉድለት ያመጣው አይደለም። እርግማን አይደለም፤ ክትባትም አያመጣውም። አንዱ ጭራሽ አይናገርም፤ ሌላው ስለሚወደው ነገር ተናግሮ አይጠግብም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ይገምታል። 127 ሰው ማለት የእኛን ሦስት ክፍል አንድ ላይ መደመር ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ከሚያነቡት መካከል ከእኔ አብልጠው የሚያውቁት አሉ። ታክሲ ውስጥ ልጃቸው ሲጮኽ "ይህን ልጅ አትቀጪውም?" የተባሉ እናቶች አሉ። ልጃቸውን ጠበል የወሰዱም አሉ፤ እምነታቸውን አከብራለሁ፤ የምለምነው ከጠበሉ ጎን ትምህርቱና የሐኪም ክትትሉ እንዳይቀር ብቻ ነው። ወንድም ወይም እህት እንዳላቸው ለጓደኞቻቸው የማይናገሩ ተማሪዎችም አሉን። ለእነዚህ ልጆች ስል፣ በየቤታችሁ "በሽተኛ"፣ "ጅል" የሚሉት ቃላት እንዲቀሩ አደራ እላለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። መዋጮው በፈቃደኝነት ነው፤ ዝቅተኛ መጠን የለውም። ገንዘቡን ለልጆች አስይዛችሁ አትላኩ፤ ሒሳብ ክፍል ከፍላችሁ ደረሰኝ ውሰዱ። የሰጠም ያልሰጠም ወላጅ ስም በሰልፍ ላይ አይነበብም። ያገለገለ ልብስና አሻንጉሊት አንሰበስብም። ምን እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ማዕከሉ ስለሆነ ጠይቀን እንፈጽማለን። ተማሪዎቻችንን በአውቶቡስ ጭነን ወስደን ከልጆቹ ጋር ፎቶግራፍ ማንሣትም አይኖርም። የሰው ልጅ ለጉብኝት አይቀርብም።

ከገንዘቡ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ኦቲዝም ሲባል ሁላችንም የሚታየን ትንሽ ልጅ ነው። ያ በመስኮት መቀርቀሪያ ይጫወት የነበረው ልጅ ግን ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ እናቱም አርጅታለች። እንደ እሷ ያሉ እናቶች ሌሊት የሚያስጨንቃቸው "እኔ ካለፍኩ ማን ያየዋል?" የሚለው ነው። በመካከላችሁ ማተሚያ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ የልብስ ስፌት፣ መጋዘን ያላችሁ አላችሁ። አንድን ሥራ በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቅደም ተከተል ማከናወን የሚያስደስተው ሰው ቢገኝላችሁ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ቢሆን ቦታ ትሰጡታላችሁ? ፈቃደኛ የሆነ ወላጅ ለልጁ ስም ጠሪ መምህር በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ከማዕከሉ ጋር የማገናኘቱን ሥራ እኔ ራሴ እይዘዋለሁ። ከመዋጮው ሁሉ ይልቅ በጉጉት የምጠብቀው ይህን ወረቀት ነው።

መጋቢት 24 ቀን በትምህርት ቤታችን ደወል አይደወልም። መምህራን ክፍለ ጊዜውን በሰዓታቸው ይቆጣጠራሉ፤ ለተማሪዎችም ምክንያቱ በየክፍሉ ይነገራቸዋል።

በመጨረሻም የሚቀጥለውን ዓመት ምዝገባ ይመለከታል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያላችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ጎረቤት የምታውቁ፣ ልጁን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ቢሮዬ ኑ። ሁሉን ልጅ እንቀበላለን ብዬ ቃል ለመግባት ገና የሠለጠነ መምህር የለንም። ከልጁ ጋር ሙሉ ቀን ሳንውል ግን መልስ አንሰጥም፤ የምንሰጠውም መልስ እውነተኛው ይሆናል። ቢሮዬ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2፡30 ጀምሮ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት