ስልክና ቴሌግራም አጠቃቀማችንን በተመለከተ

ውድ ባልደረቦቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ትናንት ማታ የአንድ ሕፃን ፎቶ ከነሰፈሩ ስም በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አየሁ። መጠለያ ለመፈለግ እንደተላከ ይገባኛል፤ መጠለያውም በግማሽ ሰዓት ተገኝቷል። ግን ያ ፎቶ አሁን በሁላችንም ስልክ ላይ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እኛንም ይመለከታል። እባካችሁ ፎቶም ስምም አትላኩ፤ ዕድሜ፣ ጾታና የሚያስፈልገው ነገር ይበቃል። ዝርዝሩን ጉዳዩን ለያዘው ሰው ደውላችሁ ንገሩት።

ሌላው አደዋወላችን ነው። ከምንረዳቸው እናቶች ብዙዎቹ የራሳቸው ስልክ ስለሌላቸው የሚሰጡን የጎረቤት ወይም የባል ቁጥር ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ከቁጥሩ ጎን የማን ስልክ እንደሆነ ጻፉ። ሌላ ሰው ካነሳው ከየት እንደምትደውሉ አትናገሩ። ባለጉዳይዋ ካነሱት ደግሞ ከሁሉም በፊት “አሁን ለማውራት ይመችዎታል?” በሏቸው። ባለፈው ወር አንዲት እናት “እሺ፣ ዱቄቱን ነገ እወስዳለሁ” ብለው ስልኩን ዘጉብኝ። ለካ ባላቸው አጠገባቸው ነበሩ። በማግስቱ ከወፍጮ ቤት ደጃፍ በሰው ስልክ ደወሉልኝ፤ ሃያ ደቂቃ አወራን።

“የማን ስልክ” የሚለውን መስመር እስከ ዓርብ ቅጹ ላይ እጨምራለሁ።