ለምን እንደወደቅን ንገሩን፦ ስለ ሥነ ፈለክ ምርምር ገንዘብ ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ከዋክብትን እከታተላለሁ። የምጽፍላችሁ መንግሥት ለሥነ ፈለክ የሚሰጠው የምርምር ገንዘብ በማን እንደሚገመገምና መቼ እንደሚለቀቅ እንድታዩልን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ለአንድ መሥሪያ ቤት ፕሮፖዛል አስገባን። ሦስት ወር ለፍተንበታል። አምስት ኮፒ አስጠርዘን፣ በየገጹ ማኅተም አስመትተን አስረከብን። መልሱን ያገኘነው በስምንተኛው ወር ነው፤ እሱም ራሳችን ደውለን። «አላለፈም» ተባልን። ለምን ስንል የሚነግረን ጠፋ። ሐሳቡ ደካማ ነበር? ወጪው በዛ? እስከ ዛሬ አላውቅም። መውደቅ ያለ ነው፤ እኔም ተማሪ እጥላለሁ። የጣልኩትን ተማሪ ግን ወረቀቱን መልሼ የተሳሳተበትን አሳየዋለሁ።

ቆይቼ ሳየው አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረብን። ሰማይ ሲያይ ያመሸ ገምጋሚ ቢያነበው ወዲያው ያገኘው ነበር፦ የሥራ መርሐ ግብራችን።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በሐምሌ እንጦጦ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ጉም ነው፣ ዝናብ ነው፤ ኮከብ የለም። ገንዘቡ ተለቆ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ካሜራው ከውጭ እስኪገባ የካቲት ይደርሳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጥርት ያለ ሰማይ ያኔ አልፏል። ትንሽ እንደሠራችሁ ሰኔ 30 ይመጣና ሒሳብ ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። እኛ ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ወር እንደምንሠራ አድርገን ነበር ያቀድነው። ጠባዩን በአንድ ዓመት የማያሳይ ኮከብም አለ። ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ በመሃል አንድ በጋ ከተዘለለ መረጃው ይጎድላል።

እንጦጦ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ያቆማቸው በአብዛኛው የሼህ መሐመድ አል አሙዲ ድጋፍ ነው። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። መሣሪያ ግን አንዴ ተገዝቶ አያበቃም። የማንኛውም ቴሌስኮፕ መስታወት አቧራ ይይዛል፣ የአልሙኒየም ልባሱ እያደር ይጎዳል፣ በየጊዜው እንደገና መለበጥ አለበት። ምረቃ ላይ ሁሉም ይመጣል። ለልባሱ ገንዘብ ጠያቂው ግን ብቻውን ነው።

ስለዚህ የሥነ ፈለክ ገንዘብ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይፈቀድ፤ የጥገና ወጪም ከመጀመሪያው ይካተትበት። ላለፈውም ለወደቀውም ፕሮፖዛል የገምጋሚዎች አስተያየት በጽሑፍ ይሰጥ። ስማችንም ይሸፈን። በሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ለመጠቀም የሚቀርቡ ፕሮፖዛሎችን የሚያስገመግሙት ሰዎች በ2018 እ.ኤ.አ. የአመልካቾችን ስም ከገምጋሚዎች ሰውረው ሞከሩት። በፊት በነበሩት ዓመታት የማለፍ ዕድሉ ለወንዶች ከፍ ይል ነበር። በዚያ ዙር ግን ሴቶች ከመሯቸው ፕሮፖዛሎች 8.7 በመቶ፣ ወንዶች ከመሯቸው 8 በመቶ አለፉ። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሴት ተማሪዎቼ ግን ይህን ሲሰሙ እንዴት ቀና እንዳሉ አይቻለሁ።

እኛ ጋ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ሥነ ፈለክ የተማርን ጥቂቶች ነን፤ ሁላችንም እንተዋወቃለን። ስም ቢሸፈንም ርእሱን ያየ ሰው «ይቺማ የእገሌ ናት» ይላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፕሮፖዛል ቢያንስ ሁለት ገምጋሚ ከአገር ውጭ ይሁን። ደቡብ አፍሪካ ሳዘርላንድ ላይ ሳልት የሚባለውን ግዙፍ ቴሌስኮፕ ካስመረቀች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች አሏት። በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም አሉ። ፕሮፖዛሉ በኢሜይል ይላካል፣ አስተያየቱ በኢሜይል ይመጣል። አበል የለ፣ ሆቴል የለ።

አዲሱ በጀት ከመጽደቁ በፊት፣ በግንቦት፣ ግማሽ ቀን ስጡን። የትኛው ሌሊት ጥርት ያለ፣ የትኛው ደመና እንደነበረ የጻፍንበትን የምልከታ መዝገብ ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር