በእጅ የሚታይ ምኒልክ፦ ለእብነ በረድ ሞዴል የድጋፍ ጥሪ

አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ነው። ጣሊያን ነቅሎ ቢቀብረውም ከድል በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። መደቡ ግን ከፍ ያለ፣ ዙሪያውም መኪና የማያባራበት ነው። ማየት የተሳናቸው ልጆች ንጉሡ የተቀመጡበት ፈረስ በኋላ እግሩ መቆሙን የሚያውቁት ሰው ሲነግራቸው ብቻ ነው። ስለዚህ በመዳፍ የሚዳሰስ፣ ከነመደቡ 75 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የእብነ በረድ ሞዴል ልናስጠርብ ተነሥተናል።

ትልቁ ወጪ ድንጋዩ ነው። እብነ በረድ ከሚወጣበት ከዳሌቲ የሚመጣ፣ 60 በ40 በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ጥርብ እንፈልጋለን። ክብደቱ ወደ 580 ኪሎ ስለሚደርስ ማንሻ ያለው መኪና የግድ ነው። ርካሽ ድንጋይ ተገኘ ብለን አንቸኩልም። ድንጋዩን ውኃ አርሰን እናየዋለን፤ ሌላው ሲደርቅ ጠቁሮ የሚቀር ቀጭን መስመር ካለ ስንጥቅ ነው። በመዶሻ ሲነካም እንደ ደወል መጮኽ አለበት፤ ድፍን ድምፅ ከሰጠ እንመልሰዋለን። የድንጋዩ ደም ሥር (በውስጡ የሚሄደው መስመር) በፈረሱ እግሮች ቁመት አቅጣጫ መሄድ አለበት፤ አግድም ካቋረጣቸው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይሰበራል።

እብነ በረድ ጭነት ይችላል፣ ጉተታና መታጠፍ ግን አይችልም። ዋናው ሐውልት ነሐስ ስለሆነ ፈረሱ በሁለት እግሩ ቢቆም ያስኬዳል፤ ድንጋይ አያስኬድም። ስለዚህ በሞዴሉ ከፈረሱ ሆድ ሥር አለት መሳይ ድጋፍ ይቀራል፣ ጭራውም ከመደቡ ጋር ይያያዛል። ጣሊያናዊው ቀራጺ ቤርኒኒም የፈረንሳዩን ንጉሥ የሉዊ 14ኛን ፈረስ በእብነ በረድ ሲጠርብ ከሆዱ ሥር ድንጋይ ትቶለታል። በአየር ላይ ያሉት የፊት እግሮች እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ በድንጋይ ድልድይ ከደረቱ ጋር ተያይዘው ይቆያሉ። ጆሮውንም ትንሽ እናወፍረዋለን። ልኩን አልጠበቀም የሚል ይኖራል፤ በሺህ ጣት ተይዞ የሚሰበር ጆሮ ግን ለማንም አይጠቅምም።

መጀመሪያ በብረት አጽም ላይ በሸክላ ይቀረጻል፣ ከዚያ በጅብሰም ይወጣል። ከጅብሰሙ ወደ ድንጋዩ ልኬት የሚወሰደው በሦስት ቋሚ ነጥቦች ላይ በሚያርፍ ባለ መርፌ መለኪያ ነው። መርፌው ከሚያሳየው ጥልቀት ሁልጊዜ 3 ሚሊ ሜትር እናስቀራለን፤ አንድ ጊዜ አልፎ የተቆረጠ አይመለስምና። ሞረድና የብርጭቆ ወረቀት (ቁጥር 120፣ 220፣ 400፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል) ይከተላሉ፤ አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ ሁሉም በውኃ ይሠራል። ለማለስለሻ ግን ከቁጥር 400 አናልፍም። እንደ መስታወት የለሰለሰ ድንጋይ ላይ ጣት ስለሚንሸራተት የጋማውና የካባው ልዩነት ይጠፋል። የእጅ ወዝ እንዳይገባው በሰም ይታሻል፤ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ የነካው ጨርቅ ደግሞ አጠገቡ አይደርስም።

ገንዘብ የምንጠይቀው ለድንጋዩ፣ ለጭነቱና ለጠራቢዎች የሦስት ወር ደመወዝ ነው። ጅብሰም 4 ከረጢት፣ የዳይመንድ ዲስክ 6፣ የአቧራ ጭንብል 2 ካርቶን በዓይነት ብትሰጡን እንመርጣለን። በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ጥሩ የድንጋይ ሞረድ ከዚያ ብትልኩልን ትልቅ ሥራ ነው።

ገንዘብ የሌለው ፎቶ ይስጠን። የካቲት 23 አደባባዩ ላይ ፎቶ የሚነሣ ሁሉ ከፊት ነው የሚነሣው። የፈረሱን ጀርባ፣ የካባውን የኋላ እጥፋት፣ ግራ ጎኑን ከታች ወደ ላይ ያነሣችሁ ካላችሁ፣ ብዥ ያለም ቢሆን ላኩልን።