የስኳር ሕመምተኛ ሲጠየቅ ውሃውም ይጠየቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ስኳር በሽታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ውፍረት፣ ዘር፣ የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ጉዳይ፣ ሁሉም በቦታው አለ። ውሃ የተነሳው ግን አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም «ውሃ በብዛት ጠጡ» በሚለው ምክር ውስጥ። የትኛውን ውሃ?

22 ዓመት የጉድጓድ ውሃ ስመረምር የኖርኩ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም ስለሌለው ዓይንና ምላስ አይለዩትም። እኛ ውሃውን ጠርሙስ ውስጥ አድርገን የዚንክ ዱቄትና አሲድነት ያለው ኬሚካል እንጨምርበታለን፤ መፍላት ሲጀምር አፉ ላይ የተገጠመችውን ነጭ ወረቀት እናያለን። 20 ደቂቃ ያህል ነው የሚፈጀው። ንጹሕ ከሆነ ወረቀቷ ነጭ እንደሆነች ትቀራለች። አርሴኒክ ካለ ቢጫ ትሆናለች፤ ከበዛ ቡናማ ትሆናለች። መስታወት የመሰለ ውሃ ወረቀቷን ቡናማ ሲያደርጋት ያየሁበት ቀን ዛሬም አይረሳኝም። የጉድጓዱ ባለቤት «እኛ እኮ አፍልተን ነው የምንጠጣው» አሉኝ። ማፍላት የሚገድለው ጀርምን ነው። አርሴኒክማ ነፍስ የለውም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ላይ እየጠነከረ ይሄዳል።

ከስኳር ጋር ምን አገናኘው ለሚል፣ በደቡብ ምዕራብ ታይዋን ከጥልቅ ጉድጓድ ይጠጡ በነበሩ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት፣ የጠጡት አርሴኒክ በበዛ ቁጥር የስኳር በሽታውም እንደሚበዛ አሳይቷል። በባንግላዴሽም መዳፋቸውና ውስጥ እግራቸው በአርሴኒክ በሻከረ ሰዎች ላይ ስኳር በዝቶ ተገኝቷል። በላቦራቶሪ እንደታየው ደግሞ፣ ኢንሱሊን ሲያዛቸው ግሉኮስን ወደ ሴል የሚያስገቡት ማጓጓዣዎች ወደ ሴሉ ገጽ እንዳይወጡ አርሴኒክ ያደናቅፋል፤ ቆሽትም ኢንሱሊን በወጉ እንዳያመነጭ ያደርጋል።

ማጋነን ግን አልወድም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የባለሙያዎች ግምገማ ማስረጃው የሚጠነክረው በሊትር 150 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ብሏል፤ ከዚያ በታች ያለው ገና ያከራክራል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ ገደብ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። አርሴኒክን ለማወቅ ሽንት ሲመረመርም ጥንቃቄ ይሻል፤ ዓሣና ሌላ የባሕር ምግብ የበላ ሰው ብዙም የማይጎዳውን የአርሴኒክ ዓይነት ስለሚያወጣ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል።

ከ6 ዓመት በፊት እኔም ስኳር ተገኘብኝ። ቀጭን ነኝ፤ በቤተሰቤም ስኳር ያለበት ሰው አላውቅም። ሐኪሙ ጣፋጭ እንደማዘወትር ጠየቀኝ፤ አባቴን፣ እናቴን፣ አያቶቼን ሳይቀር ጠየቀኝ። የምጠጣውን ውሃ ግን አላነሳም። እኔም፣ ሥራዬ ሆኖ ሳለ፣ አላነሳሁም። በልጅነቴ የጠጣሁበት ጉድጓድ ከተደፈነ ቆይቷል፤ በሽታዬ ከዚያ ነው ልል አልችልም። አርሴኒክ ከሽንት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ ጥፍርና ፀጉር የሚይዙትም የወራትን ብቻ ነው። ከ30 ዓመት በፊት የተጠጣውን የትኛውም መሣሪያ አያወጣልኝም። የሚቀረው የሰውየው ትዝታ ነው፤ እሱም ካልተጠየቀ የለም። መድኃኒት ተዉ፣ ምግባችሁን አትጠንቀቁ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ሐኪሞች አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፣ ጉድጓድ ያለውም ያስመርምር ነው የምለው፤ እናንተም ይህንኑ ብትጽፉበት።

ባለፈው ቀጠሮዬ ካርዴ ላይ በራሴ እጅ «እስከ 17 ዓመቱ ያልተመረመረ የጉድጓድ ውሃ ጠጥቷል» ብዬ ጻፍኩ። ነርሷ አየችውና ፈገግ አለች፤ ግን አልሰረዘችውም።

አንድ የውሃ ላቦራቶሪ ባለሙያ