«ተጸጸቱ» ካላችኋቸው ሰዎች አንዱ ነኝ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣

ባለፈው ሳምንት «እንግሊዞች ከአውሮፓ ህብረት በመውጣታቸው ተጸጸቱ» ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሁፍ በብሬክ ሰዓቴ አውቶቡሴ ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ቁጥሩ ላይ አልዋሻችሁም። ዩጋቭ የሚባለው የህዝብ አስተያየት የሚያጠና ድርጅት «ዛሬ ላይ ሆነው ሲያስቡት መውጣቱ ትክክል ነበር ወይስ ስህተት» እያለ ስንት ዓመት ሲጠይቅ ኖሮ በ2025 መጀመሪያ ላይ ስህተት ነበር ያለው 55 ከመቶ፣ ትክክል ነበር ያለው 30 ከመቶ ሆኗል። እሺ። ግን ከዛ ተነስታችሁ ያኔ በህዝበ ውሳኔው እንውጣ ብሎ የመረጠው 17.4 ሚሊዮን ህዝብ ዛሬ በጸጸት እየተንገበገበ ነው ስትሉ ቡናዬ ትን አለኝ፣ ምክንያቱም ከዛ 17.4 ሚሊዮን ውስጥ አንዱ እኔ ነኝ፣ ማንም መጥቶ ተንገብግበሃል ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

አዎ፣ ሀበሻ ሆኜ፣ ስደተኛ ሆኜ «ሊቭ» (እንውጣ) የሚለው ላይ ነው ምልክት ያደረግኩት። አንባቢ ከመሳደቡ በፊት ጨርሶ ያንብብልኝ።

ሐሙስ ሰኔ 16 ቀን 2008 ነበር፣ በፈረንጁ ጁን 23 2016 (ሌላውን ዓመት ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጁ ነው)፣ ኪዳነ ምህረት። ለንደን ላይ ያን ቀን የወረደው ዝናብ የኛን አገር ክረምት ያስንቃል፣ ጎርፍ ገብቶባቸው የተዘጉ የምርጫ ጣቢያዎች ሁሉ ነበሩ። እኔ የምኖረው ላምቤዝ ነው፣ በመላው ብሪታኒያ «እንቆይ» ብሎ በመምረጥ ስፔን ጥግ ያለችው የእንግሊዝ ግዛት ጊብራልታር ብቻ የበለጠችው ሰፈር፣ 78.6 ከመቶ። እና ከአምስት ሰው አራቱ እንቆይ በሚልበት ሰፈር አምስተኛው ሆኜ በክር የታሰረች እርሳስ ይዤ ቆሜያለሁ ማለት ነው። እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ ተናድጄ ነበር የሄድኩት።

ንዴቱ ከእናቴ የመጣ ነው። ልጄ ስትወለድ ለክርስትናዋ እናቴን ለሦስት ሳምንት ብቻ ላመጣት አመለከትን፣ የቤት ካርታ፣ የባንክ ወረቀት፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ምን ያልገባ ነገር አለ፣ ከለከሏት። ተመልሳ እንደምትሄድ አላመንም አሉ። ሴትዮዋ አዲስ አበባ ቤት አላት፣ ስድስት የልጅ ልጅ አላት፣ ዶሮ አላት፣ እዚህ ምን ልትሰራ ነው የምትቀረው? በዛው ወር ዲፖ ውስጥ አብሮኝ የሚሰራ ፖላንዳዊ እናቱ በርካሽ አውሮፕላን ቅዳሜ ገብታ ማክሰኞ ተመለሰች፣ ሳሲጅ ሁሉ አምጥታልን በላን (እኔ ጾም ስለነበር ለሌላ ቀን አስቀመጥኩት)። ያ ልጅ ምንም አላደረገኝም፣ ጓደኛዬ ነው፣ ግን ቅናት የሚባለው ነገር ሰው አይመርጥም። ሚስት ወይም ባል ከኢትዮጵያ ለማምጣት ደግሞ ከ2012 ጀምሮ በዓመት 18,600 ፓውንድ ገቢ ይጠየቅ ነበር፣ የሮማኒያ ሰው ግን አገሩ የህብረቱ አባል ስለሆነች የማንንም ፊት ሳያይ ይመጣ ነበር። የሊቭ ሰዎች ዘመቻ ላይ ለህንድና ለባንግላዴሽ ሰዎች «የአውሮፓ በር ከተዘጋ ለናንተ ይከፈታል፣ ለካሪ ቤታችሁ ሼፍ ታመጣላችሁ» ይሉ ነበር። ያቺን ወሬ እኔም ለራሴ ተርጉሜ ዋጥኳት። እንግዲህ ስለ ሉዓላዊነት ምናምን አስቤ አይደለም የመረጥኩት፣ የሊቭ ሰዎች «በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለህብረቱ እንልካለን» ብለው አውቶቡስ ላይ የለጠፉትንም አላመንኩትም፣ ሹፌር ነኝ፣ አውቶቡስ ላይ ስንት ውሸት እንደሚለጠፍ አውቃለሁ።

በነገራችን ላይ ማን መምረጥ እንደቻለ በጽሁፋችሁ አልነካችሁትም፣ እሱ ደግሞ ብዙ ያስቃል። ፖላንዱ ልጅ 11 ዓመት ግብር ከፍሎ መምረጥ አልቻለም። ጋናዊው ግን በጋና ፓስፖርቱ መረጠ፣ የኮመንዌልዝ (በብዛት እንግሊዝ ትገዛቸው የነበሩ አገሮች ማህበር) አገር ሰው እዚህ ኗሪ ከሆነ ይፈቀድለታላ። እኔ ዜግነት ስለያዝኩ ነው እንጂ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚኖረው ጓደኛዬ የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ ቁጭ ብሎ አየን። «ናፒየር መቅደላ ድረስ መጥቶ እዛው ቢቀር ኖሮ ዛሬ ቮት አደርግ ነበር» እያለ እስከዛሬ ይቀልዳል። ሩዋንዳ እንኳን በእንግሊዝ ሳትገዛ ኮመንዌልዝ ገብታለች ብዬ ስነግረው ጭራሽ ተናደደ።

ዓርብ ጠዋት ለሺፍት ስገባ ካንቲኑ ጸጥ ብሏል። 51.9 ለ48.1፣ እንውጣ አሸነፈ። ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው። ከሮምፎርድ የሚመጣው ሽማግሌ እንግሊዛዊ ብቻ ሻዩን ይዞ ፈገግ ይላል፣ ሮምፎርድ ያለችበት ሄቨሪንግ ከለንደን ውስጥ እንውጣ ካሉት አምስት ሰፈሮች አንዷ ናት። ከዛ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ካሜሮን ወጥቶ ስልጣን እለቃለሁ አለ። ሰኔና ሰኞ ገጠመው ይባል ነበር፣ ቀኑ ዓርብ ሆነ እንጂ። ፓውንድ በአንድ ሌሊት ከ1.50 ዶላር አካባቢ ወደ 1.33 ወርዶ ከ1985 ወዲህ ያልታየ ቦታ ደረሰ፣ እኔ ደግሞ በሳምንቱ ለእናቴ ልልክ ስሄድ ያቺው መቶ ፓውንድ ያወጣችው ብር አንሷል። ለሷ ብዬ የሰጠሁት ድምጽ መጀመሪያ የነካው የሷን ኪስ ነው። በእርግጥ ያኔ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

እሁድ ሰኔ 19 ገብርኤል ነበር፣ ቤተክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ግቢ ውስጥ ሰው ሁሉ ወሬው እሱ ነው፣ «ዘረኞች ናቸው የመረጡት»፣ «መሀይሞች ናቸው»፣ «አሮጊቶች ናቸው»። እኔ ጸበሌን ይዤ ራሴን እየነቀነቅኩ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» እላለሁ። ያን ቀን ፖል (የህዝብ አስተያየት ጥናት) የሚያደርግ ሰው ማይክ ይዞ ግቢያችን ቢመጣ «ሐበሻ መቶ በመቶ እንቆይ ብሏል» ብሎ ይጽፍ ነበር። እና እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ከዓመታት በኋላ ሁለት ሌሎች ሰዎች በሹክሹክታ ነግረውኛል፣ አንደኛዋ ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ያለች ሰው ናት።

ሐምሌ ላይ ደግሞ አንድ ተሳፋሪ ካርዱ አልሰራ ብሎ ውረድ ስለው «ወደ አገርህ ሂድ፣ መርጠን አስወጥተንሃል» አለኝ። እኔን! ውረድ እንጂ እኔም እኮ እንዳንተ ነው የመረጥኩት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በዛ ወር እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ፖሊስ የመዘገበው በዘርና በሃይማኖት ጥላቻ የተፈጸመ ወንጀል ከዓመት በፊት ከነበረው በ41 ከመቶ ጨምሮ ነበር። መሀል ላይ እንዳለሁ የገባኝ ያን ቀን ነው፣ ከኔ ጋር የመረጠው ሰውዬ እኔን አይፈልገኝም፣ እንቆይ ያሉት ጓደኞቼ ደግሞ ቢያውቁ አይፈልጉኝም።

አሁን ወደ ጽሁፋችሁ ልመለስ። ተጸጸቱ ያላችሁት ቁጥር እንዴት እንደመጣ በደንብ ብታዩት ሌላ ነገር ነው። ያኔ እንውጣ ያሉት ውስጥ ዛሬ ተሳስቻለሁ የሚለው ከአምስት አንድ ገደማ ነው፣ አብዛኛው አሁንም ትክክል ነበርኩ ነው የሚለው። ታዲያ 55ቱ ከየት መጣ? አንደኛ፣ ሰው ይሞታል። እዚህ አገር በዓመት 600 ሺህ ሰው ገደማ ይሞታል፣ አብዛኛው ሽማግሌ ነው፣ ከ65 በላይ የነበረው ደግሞ በብዛት እንውጣ ነበር ያለው። ያኔ 16 እና 17 ዓመት ሆኗቸው አትመርጡም የተባሉት (ስኮትላንድ በ2014 ለራሷ ህዝበ ውሳኔ አስመርጣቸው ነበር) ዛሬ ሙሉ ሰው ሆነዋል፣ እነሱና ከነሱ በኋላ የመጡት በአብዛኛው ወደ አውሮፓ ነው የሚያደሉት። ያን ቀን ቤቱ የተኛውም 28 ከመቶ ያህል ነበር፣ ዛሬ ሲጠየቅ ብዙው ስህተት ነበር ይላል። ፕሮፌሰር ጆን ከርቲስ የሚባሉት የስኮትላንዱ ምሁር ይሄን ደጋግመው አስረድተዋል። ማለትም አገሩ ሀሳቡን መቀየሩ ብቻ አይደለም፣ ሰዉም ተቀይሯል። ጸጸትና ቀብር ለየቅል ናቸው እኮ ጎበዝ፣ ርዕሳችሁ ላይ አንድ አደረጋችኋቸው።

የሮምፎርዱ ሰውዬ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኩት። ተሳስተህ ነበር? አረ በፍጹም አለኝ፣ እኔ ያዘዝኩት ሌላ ነው ያመጡልኝ ሌላ ነው፣ ጥፋቱ የአስተናጋጁ ነው። ከካሜሮን በኋላ ሜይ፣ ጆንሰን፣ ትረስ፣ ሱናክ፣ በ2024 ደግሞ ስታርመር፣ አስተናጋጅማ ተለዋውጧል። እና ይሄ ሰውዬ ፖል ላይ «ብሬግዚት (ከህብረቱ መውጣቱ) ጥሩ ሄዷል?» ተብሎ ቢጠየቅ አልሄደም ይላል፣ «ስህተት ነበር?» ቢባል አልነበረም ይላል፣ ሁለቱንም ከልቡ ነው። አንዱን ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ከጻፋችሁ ሰውዬው ተጸጸተ ይሆናል። ልክ እንደዛው «ህብረቱ ተመልሰን እንግባ?» ስትል ብዙ ሰው አዎ ይላል፣ «ዩሮ ትቀበላለህ?» ስትል ድጋፉ ይሟሽሻል። 2019 ዲሴምበር ላይ ፖሉ ስህተት ነው የሚለው በልጦ እያለ ጆንሰን ብሬግዚትን እንጨርሰው ብሎ በ80 ወንበር ብልጫ አሸነፈ። ስህተት ነው የሚለው 55 በደረሰበት በዛው በ2025 ደግሞ በሀገር ደረጃ በብዙ ፖል አንደኛ የወጣው የማን ፓርቲ ነው? የፋራጅ ሪፎርም! ያው የብሬግዚት አባት የሚባለው ሰውዬ። ይሄን ነገር በአንድ «ተጸጸቱ» ጠቅልላችሁ ስታልፉት አይከነክናችሁም?

እኔስ? ሐቁን ልናገር። በሩ ለኛ አልተከፈተም። የትዳር ቪዛው የገቢ መጠን በኤፕሪል 2024 ከ18,600 ወደ 29,000 ፓውንድ ዘለለ። ጠቅላላ የገባው ሰው ግን ከወጣው ሲቀነስ በ2023 ከ900 ሺህ አልፎ ነበር፣ አውሮፓዊው ቀርቶ ከህንድ፣ ከናይጄሪያ፣ ከዚምባብዌ ለሽማግሌ እንክብካቤ የመጣው ብዙ ነው፣ ከዛ ሰው ሲጮህ በ2025 ለእንክብካቤ ሰራተኛ የተከፈተውን ቪዛ መልሰው ዘጉት። ሰማያዊው ፓስፖርት ተመለሰልን ብለው ሲጨፍሩ ፓስፖርቱ የሚሰራው ፖላንድ ሆኖ ተገኘ። የኔ ፖላንዳዊ ደግሞ በ2021 ጠቅልሎ አገሩ ገባ፣ የመኖሪያ ወረቀቱን አግኝቶ ነበር እኮ፣ «ለምን ማመልከት እንዳለብኝ አልገባኝም፣ ያኔ ስመጣ ማንንም አልለመንኩም» ነው ያለኝ። ሲሸኙት ኬክ የገዛሁት እኔ ነኝ። አልነገርኩትም። ይሄ አንዱ ነገር አንጀቴን ይበላዋል፣ ጸጸት ካላችሁት እሱን በሉት። የእናቴ ነገር ግን አይቆጨኝም፣ ያኔ የነበረው አሰራር ትክክል ነበር በሉኝ ብትሉኝ አሁንም አልልም። ዩጋቭ ደውሎ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ቢለኝ «አላውቅም» የምትለዋ ውስጥ ነው የምገባው፣ ከ100 15ቷ ውስጥ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጽሁፋችሁ መጨረሻ ላይ ነገሩን ጎትታችሁ አንቀጽ 39 ላይ አመጣችሁትና «መገንጠል ለሚያምራቸው ትምህርት ነው» አላችሁ። እባካችሁ። እንግሊዝ የወጣችው በየጊዜው መዋጮ ከምትከፍልበት የመንግስታት ማህበር ነው፣ የራሷ ጦር፣ የራሷ ብር፣ የራሷ ንግስት ነበራት። እሱንም ለመውጣት የህብረቱን ውል አንቀጽ 50 (የመውጫውን አንቀጽ) ካስጀመሩ በኋላ ከማርች 2017 እስከ ጃንዋሪ 2020 ፈጀባቸው። የኛን ጉዳይ መከራከር ካማራችሁ በኛው ታሪክ ተከራከሩበት፣ የላምቤዝን ሹፌር ምስክር አታድርጉ።

ስሜን እንዳታወጡት አደራ። ባለቤቴ በ2019 ፓርላማው ሌሊት ሌሊት ሲጨቃጨቅ አብረን እያየን አምልጦኝ ነግሬአት ሁለት ቀን አላናገረችኝም፣ አሁን ለምዳዋለች። ልጄ ግን ዘንድሮ ትምህርት ቤት ስለዚሁ ነገር ተምራ መጥታ «አባዬ አንተ ምን መረጥክ?» ስትለኝ የሰው ድምጽ ሚስጥር ነው ብዬ አለፍኳት። እናንተን ደግሞ ከባለቤቴ እህት ጀምሮ ግማሽ ቤተክርስቲያኑ ያነባችኋል።

የለንደን አውቶቡስ ሹፌር፣ ላምቤዝ