ስለ ፒሬኔ ድቦች ጽሑፋችሁ የዘለለው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በፈረንሳይና በስፔን መካከል ስላሉት የፒሬኔ ተራሮች ድቦች ያወጣችሁትን አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን “አምስት ያህል ቀርተው የነበሩት ዛሬ ከ80 በላይ ሆኑ” ብሎ እዚያው ላይ አቆመ። እኔ ለተራሮቹ ቅርብ በሆነችው የፈረንሳይ ከተማ፣ ቱሉዝ ነው የምኖረው። እዚህ በድብ ጉዳይ የማይጨቃጨቅ የለም፤ ስለዚህ ትንሽ ልጨምር።

መጀመሪያ አባታቸውን ጠይቁ። በፈረንጆቹ 1996 ሁለት ሴት ድቦች ከስሎቬኒያ መጡ። በ1997 ፒሮስ የተባለው ወንድ ተከተላቸው። ከዚያ ወዲህ ከተወለዱት አብዛኞቹ የእሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ተቀናቃኝ አልነበረውም፤ ከገዛ ልጁ ሳይቀር ወልዷል። የስፔኗ ካታሎኒያ በ2016 ጎያት የሚባለውን ወንድ ከዚያው ከስሎቬኒያ ያስመጣችው አዲስ ደም ለመጨመር ነበር። እሱ ደግሞ መጥቶ ፈረስ መብላት ጀመረ።

በተራሮቹ ምዕራብ በኩል የሆነው ይብሳል። ካኔል የምትባለው ድብ የአገሬው ዘር የመጨረሻዋ ሴት ነበረች። በ2004 አዳኝ ተኩሶ ገደላት። ቆዳዋ ተሞልቶ እዚሁ ቱሉዝ፣ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። በዚያ በኩል በመጨረሻ የቀሩት ልጇ ካኔሊቶና አባቱ ኔሬ ነበሩ። አባትና ልጅ፣ 14 ዓመት ሙሉ ያለ ሴት! በ2018 የፈረንሳይ መንግሥት ሁለት ሴት ድቦች ሲያመጣ በግ አርቢዎች መንገድ ዘጉ። ድቦቹ በሄሊኮፕተር ገቡ።

አርቢዎቹ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። በ2017 ድብ ያስበረገጋቸው 209 በጎች ከስፔን ድንበር ላይ ገደል ገብተው አለቁ። መንግሥት ካሳ ይከፍላል፣ እውነት ነው። ግን ድብ በጠፋበት ዘመን መንጋን ያለ ጠባቂ ተራራ ላይ መልቀቅ ልማድ ሆኖ ነበር። አሁን እረኛው እዚያው ማደር አለበት። ማታ ማታ በጎቹን በረት ይሰበስባል፤ ፓቱ የሚሉትን ግዙፍ ነጭ ውሻም ያሳድጋል። ውሻው ደግሞ ተራራ ወጪውን ቱሪስት ሁሉ ሌባ ይመስለዋል፣ ሌላ ጣጣ።

እኔ አዲስ ወንድ ድቦች ይምጡ ባይ ነኝ፤ ያውም ከአንድ በላይ። ግን የእረኛው ደመወዝ ከድቦቹ ቀድሞ ይድረስ። ቀጣዩን ጽሑፍ ስታዘጋጁም በበጋ በተራሮቹ መሃል ወዳለው የኩዝራን አካባቢ ብቅ በሉና እረኞቹን አነጋግሩ። ድቦቹ የበዙት እዚያ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉዝ