ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ከመሾሙ በፊት እናንተ ጠይቁልን

ይድረስ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ግንኙነትና የሰላም ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። የዜግነት ትምህርት መምህር ነኝ። ጉዳዬ የጠቅላይ ኤታማዦር ሹም፣ ማለትም የሠራዊቱ የበላይ መኮንን፣ ወንበር ነው። ወንበሩ ላይ ስላሉት ሰው ክስም ውዳሴም ይዤ አልመጣሁም።

ጥያቄዬን ቀድሜ ልናገር። ወደፊት ለዚህ ኃላፊነት የሚታጭ መኮንን ከመሾሙ በፊት እናንተ ፊት ቀርቦ ይጠየቅ። ሹመቱም በምክር ቤቱ ይጽደቅ። ለዚህ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልግም። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 13 ምክር ቤቱ የዳኞችን፣ የሚኒስትሮችን፣ የኮሚሽነሮችንና የዋናውን ኦዲተር ሹመት እንደሚያጸድቅ ይናገራል። ከዚያ ደግሞ በሕግ ሊጨመሩ ለሚችሉ ሌሎች ባለሥልጣናት ቦታ ይተዋል። ዋናው ኦዲተር እናንተ ፊት ካለፈ፣ የመቶ ሺዎች ሕይወት በእጁ ያለ ሰው የማያልፍበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ጅማ፣ ሒርማታ ሰፈር ቡና ይዘን ስንቀመጥ የማናነሳው ጉዳይ የለም። አዲስ ኤታማዦር ሹም ተሾመ ሲባል ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ከየት ነው?» በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ያው ነው። የትኛውን ዕዝ መራ፣ ምን ተማረ ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ፣ ብዙ ጊዜ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። በሕዝቡ አልፈርድም። ዜናው ስም፣ ማዕረግና ፎቶ ሰጥቶት ያልፋል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ሌላ ምን ይጠይቅ? የሠራዊቱ ስብጥር ሚዛናዊ ይሁን የሚለው አንቀጽ 87 ራሱ ስለሆነ፣ የትውልድ ቦታ ጥያቄው ነውር አይደለም። ብቸኛው ጥያቄ ሲሆን ግን አደጋ ነው።

ጄኔራል ሳሞራ የኑስ ከ1993 እስከ 2010 በቦታው ቆዩ። ተተኪያቸው ጄኔራል ሰዓረ መኮንን ሰኔ 15 ቀን 2011 መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። ጄኔራል አደም መሐመድ ቀጠሉ። ጥቅምት 2013 ላይ ብርሃኑ ጁላ ተሾሙ። አንዱ 17 ዓመት፣ ከዚያ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት አዲስ ሰው። ሁሉንም የሰማነው ከዜና ነው።

ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። መከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል መሆን አለበት፤ አንቀጽ 87 ነው። የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ አንቀጽ 74 ነው። «ታዲያ ኤታማዦር ሹሙ ምን ቀረው?» ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የቀረው ብዙ ነው። ሠራዊቱን ማሠልጠን፣ ስንቅና ትጥቁን ማየት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ማን ለየትኛው አዛዥነት እንደሚበቃ መመዘን። ከሁሉ የሚከብደው ግን ወደ ላይ የሚነገረው ቃል ነው። «ይህ ይቻላል፤ ያኛው አይቻልም፤ ይህኛው ይቻላል ግን ይህን ያህል ልጆች ያስከፍለናል» ማለት። ውሳኔው የፖለቲከኛው ነው። ዋጋውን ሳያቆላምጥ መንገር ደግሞ የባለሙያው ነው።

ይህ ቃል ሲታፈን ምን እንደሚመጣ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በደርግ ጊዜ ከአዛዡ ጎን እሱን የሚቆጣጠሩ የፖለቲካ ኮሚሳርና ኢንስፔክተር ተቀምጠው ነበር። አዛዡ ከጠላት እኩል እነሱንም መጠበቅ ነበረበት። የካቲት 1980 ኤርትራ ውስጥ ይዋጋ የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በራሱ መንግሥት ተረሸኑ። በቀጣዩ ወር አፍአበት ላይ ዕዙ ተደመሰሰ። ሽንፈቱ በአንድ ምክንያት ብቻ መጣ አልልም። ነገር ግን አዛዡ በተረሸነ ማግስት የትኛው መኮንን ነው ደፍሮ «አይቻልም» የሚለው?

የታፈነ ቃል ደግሞ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ግንቦት 8 ቀን 1981 ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይል አዛዡ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ከሸፈ፤ ሁለቱም ሞቱ። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ስንት ዓመት የለፋ የጦር ዕውቀት አብሮ ተቀበረ! (የሚገርመው፣ በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ከንጉሡ ጎን ቆመው መፈንቅለ መንግሥቱን ያከሸፉት ኤታማዦር ሹምም ስማቸው መርዕድ ነበር፤ መርዕድ መንገሻ።)

እንግዲህ ዝም ማለትና ታንክ ማስነሳት ብቻ አይደለም ያለው። ሦስተኛ መንገድ አለ። በዝግ ቤት ፊት ለፊት መከራከር፣ ሕጋዊ ትእዛዝ ሲመጣ መፈጸም፣ ሕሊና እምቢ ካለ ማዕረግ አውልቆ ቤት መግባት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ኤታማዦር ሹም አለን ብሩክ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችል ጋር ስንትና ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀዋል። ቸርችል ይበሳጩ ነበር፤ ግን አላባረሯቸውም። ብሩክም ጦር ይዘው አልተነሱባቸውም። የአውሮፓውን ጦርነት አብረው ጨረሱ።

እናንተ ፊት መቅረብ ለዚህ ምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ፣ ዕጩው በአደባባይ «ለጠቅላይ አዛዡ የማይወደውን እውነት ትነግረዋለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ ይመዘገባል። በኋላ ያንን ሰው በአንድ ሌሊት ማንሳት የሚፈልግ ቢኖር ምክንያት ለማቅረብ ይገደዳል። ሁለተኛ፣ ከፓርቲ ወገንተኝነት ነፃ ይሁን የሚለውን የአንቀጽ 87 ቃል በራሱ አንደበት ይገልጸዋል፤ በፓርቲ መድረክ መቀመጥን ጭምር እንዴት እንደሚያየው። ሦስተኛው ያው የሒርማታው ነገር ነው፤ ሕዝቡ ስለ ሙያው የሚያወራበት ያገኛል።

«ምክር ቤቱ አጨብጭቦ ያሳልፈዋል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሊሆን ይችላል። ጭብጨባም ቢሆን ግን ጥያቄና መልሱ በቃለ ጉባኤ ይቀራል፤ ዛሬ እሱም የለንም። ሚስጥር ይውጣም አላልኩም። የጦር ዕቅድና የሰው ኃይል ቁጥር በዝግ ይታይ። የአሜሪካ ሴኔትም የጦር ኃይሎች ጥምር ኤታማዦር ሹሞችን ሊቀመንበር ሹመት ከማጽደቁ በፊት በአደባባይ ይጠይቃል፤ አገሪቱ በዚያ ምክንያት ሚስጥሯ አልተዘረገፈም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 1100/2011 ላይ የጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ሹመት በምክር ቤቱ ይጸድቃል የሚል አንድ አንቀጽ እንዲገባ ሐሳቡን አመንጩ። አዋጁ እስኪሻሻል ደግሞ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ሰጥቷችኋል። የመከላከያ በጀት በሚቀርብበት ሰሞን ኤታማዦር ሹሙን በዓመት አንድ ጊዜ ጥሩና ስለ ሠራዊቱ ሥልጠና፣ ስለ ቁስለኞች ሕክምናና ስለ ጡረተኞች ኑሮ ጠይቁ። ይህኛው ክፍል በቴሌቪዥን ይተላለፍ። ልጃቸውን ወደ ማሠልጠኛ የላኩ የጅማ ወላጆች ቁጭ ብለው ያዩታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዜግነት ትምህርት መምህር
ጅማ